ሰይድ የነፋስ መለኪያውን ብረት ሊጥል የመጣ ቀን

ሰይድ ምሳሩን አንስቶ ሲያሳርፍበት ብረቱ እንደ ደወል ጮኸ... ድምፁን ሰምቼ ከቢሮ ስወጣ አጥሩን ጥሶ ገብቷል። በዓባይ በኩል ሰማዩ ከሰል መስሏል። ነጎድጓዱ እየቀረበ ነው።

ይሄ የሆነው በኢህአዴግ ጊዜ፣ መካነ ሰላም ዳር ያለች የሜትሮሎጂ ጣቢያ ውስጥ ስሠራ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ዝናቡን፣ ሙቀቱን፣ ነፋሱን ለክቼ ማስተላለፍ ነበር ሥራዬ። የነፋስ መለኪያው ግቢው መሃል በተተከለ ረጅም ብረት ጫፍ ላይ ይሽከረከራል።

ሰይድ ከጣቢያው በታች የሚያርስ ጎረቤቴ ነበር። በዚያው ክረምት ታናሽ ወንድሙን ማሳው ላይ መብረቅ ገደለው። እኔም ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ለቅሶው ሲበተን ሰይድ እኔ ዘንድ መጣ። አልተቆጣም፣ ቀስ ብሎ ነበር የሚያወራው...

«ወንድምዓለም፣ ይሄን ብረት አንሱልን። መብረቁን የሚጠራብን እሱ ነው።»

«ሰይዶ፣ ማሳችሁ ከዚህ ሩቅ እኮ ነው። እዚያ ድረስ መብረቅ አይጠራም።»

«እሺ፣ ይሁን። ብቻ ሌላ ቦታ ውሰዱት።»

«አይሆንም። የአየሩ ጠባይ የሚታወቀው እዚያው አንድ ቦታ ላይ ለብዙ ዓመት ሲለካ ነው። ዛሬ ከዚህ፣ ነገ ከዚያ ከለካን የተለወጠው ሰማዩ ይሁን ቦታው በምን እናውቃለን? ከእኔ በፊት የነበሩት የለኩት ሁሉ ከንቱ ይቀራል።»

«ሰማዩን እናንተ ትጠብቃላችሁ... ወንድሜን ማን ጠበቀው?» ብሎኝ ሄደ።

እንግዲህ ያን ቀን ምሳር ይዞ የመጣው ይሄው ሰው ነው።

«ሰይድ! ዝናቡ ደርሷል! ከብረቱ ራቅ!»

«ይምጣ! ወላሂ ዛሬ ወይ እሱ ይወድቃል ወይ እኔ!»

ብረቱን ወጥረው ከያዙት ገመዶች አንዱን በጥሶታል። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መውረድ ጀመረ። ሮጬ ከኋላው ወገቡን ያዝኩት። ዞሮ በምሳሩ ጀርባ ትከሻዬን ሲለኝ አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት... ጭቃው ላይ ወደቅኩ። እሱ ተመልሶ ብረቱን በግራ እጁ ጨብጦ በምሳሩ ይመታዋል፣ ያለቅሳል፣ ይሳደባል። ሰማዩ ከላያችን ተሰነጠቀ። መብረቁ ሲያበራና ነጎድጓዱ ሲጮኽ አንድ ሆኗል።

ከወደቀው አጥር አንድ አጣና መዘዝኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀስ ብዬ አልመታሁትም። ግንባሩን አልኩት። ደሙ ፊቱን አለበሰውና ተዘረጋ። ባልተሰበረው እጄ እግሩን ይዤ ወደ ቦዩ ጎተትኩት። መንገድ ላይ ነቅቶ ቁርጭምጭሚቴን ነከሰኝ፤ ጎተትኩት። ቦዩ ውስጥ ተያይዘን ወደቅን...

ከዚያ ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ።

ስነቃ ጆሮዬ ይጮሃል። ብረቱ ለሁለት ታጥፏል፣ ቴርሞሜትሮቹ የነበሩበት ነጭ ሳጥን ተፈልጦ ይጨሳል። ሰይድ አጠገቤ በደም ተነክሮ ተጋድሟል፣ አይንቀሳቀስም።

ጎረቤቶቹ ደረሱ። የሚታያቸው የተፈነከተ ሰው ነው፣ አጠገቡ እኔ፣ ብረቱ ሥር ደግሞ ደም የነካው አጣና።

«ገደለው! የወንድሙ ሞት አንሶ እሱንም ገደለው!»

የመጀመሪያው ዱላ ጥርሴን አረገፈው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልቆጠርኩም። በእግር፣ በድንጋይ፣ በዱላ... ፊቴን በአንድ እጄ ሸፍኜ ሞቴን ስጠብቅ የሰይድ እናት እማማ ዘሐራ ሰዉን ገፍትረው ላዬ ላይ ቆሙ። ሊያድኑኝ መስሎኝ ነበር።

«የልጄ ደም ነው እንጨቱ ላይ ያለው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«አንተ ነህ የመታኸው?»

«እኔ ነኝ።»

ድንጋይ አነሱ። ወላሂ፣ ክርስቲያን ብሆንም ያኔ በልቤ ሸሃዳም ጸሎትም ቀላቅዬ ነበር።

ሰይድ ከቦዩ ውስጥ ተነስቶ ተቀመጠ። ጆሮው ስለተደፈነ በጣም እየጮኸ ነበር የሚናገረው።

«እማ፣ ተይው! ብረቱን ይዤ ነበር! እሱ ባይመታኝ እዚያው ከብረቱ ጋር ነድጄ ነበር!»

ሰው ሁሉ የታጠፈውን ብረት አየ። ዱላ የያዘው ዱላውን ቀስ አድርጎ አወረደ። እማማ ዘሐራ ድንጋዩን ጥለው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ለሞተው ልጃቸው ያላለቀሱትን ያህል አለቀሱ።

ሁለታችንንም በአንድ አይሱዙ ጭነው ጤና ጣቢያ ወሰዱን። የሰይድ አንድ ጆሮ እንደተደፈነ ቀረ፤ የእኔ ትከሻ እስካሁን በብርድ ይቆረጥመኛል። ሽማግሌዎች አስታረቁን። ክረምቱ ሲወጣ አዲስ ብረት መጣ፣ እዚያው ቦታ ላይ ተተከለ፣ አሁን ግን መብረቁን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ አለው። ሲተከል ሰይድ ከሩቅ ቆሞ ተመለከተን፣ አልቀረበም፣ አልከለከለንምም።

እማማ ዘሐራ ግን እኔን ለእንግዳ ሲያስተዋውቁ ዛሬም እንዲህ ነው የሚሉት... «ይሄ ልጄን ፈንክቶ ያተረፈልኝ ነው!»