ስሜን ያልጻፍኩበት ማፍጠሪያ

ባለፈው ሳምንት ረመዳን ሊገባ ሲል ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልኩ ላይ ማደሪያ ይፈልግ ነበር። የደብረ ሲናን ቁልቁለት ጨርሰን የቆላው ሙቀት በመስኮት ሲገባብን ያገኘውን ለጓደኛው ደውሎ ጮክ ብሎ አነበበለት፦ «በረመዳን ለመንገደኛ ሁሉ ማፍጠሪያ የሚቀርብበት፣ እንደ እናት ቤት የሚያሳርፍ ማደሪያ።» ደነገጥኩ። ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ዛሬ ሻሼን ሳወልቅ ሽበት የሚታይብኝ ሴት ነኝ።

ያኔ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች ኢንተርኔት ቤት እሠራ ነበር። ቤቷ ቆርቆሮ ስለነበረች ከቀትር በኋላ ኮምፒዩተሩም እኔም እኩል እንግል ነበር። ደንበኛ ሲጠፋ የጽሑፍ ሥራ በኢሜይል ይላክልኝ ጀመር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ ማደሪያ ሲፈልግ ስማችሁ ከላይ እንዲወጣ አደርጋለሁ ብሎ ከባለሆቴሎች ጋር ይዋዋላል። ከዚያ ሥራውን ለሌላ ይሰጣል፤ ሌላውም ለእኔ። ሰው የሚፈልጋቸውን ቃላት ይልኩልኛል፤ እኔ አድሬበት የማላውቀውን ሆቴል እንዳደርኩበት ሆኜ እያወደስኩ ቃላቱን እሰካካቸዋለሁ። «ሙቅ ውሃ» በይ ይሉኛል። ኧረ በሮቢት በረሃ ሙቅ ውሃ ማን አባቱ ይፈልጋል! የጣሪያው በርሜል ቀትር ላይ ራሱ ሻይ ያፈላል። ብቻ ጻፊ የተባልኩትን እጽፋለሁ። ከጽሑፉ ሥር የማንም ስም አይወጣም። ይኼ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

አንድ ቀን ከዝርዝሩ ውስጥ የእትዬ ዘነበችን ማደሪያ አገኘሁት። እትዬ ዘነበች ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አለፍ ብለው የሚኖሩ ክርስቲያን ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ስድስት ክፍል አከራይተው ይተዳደራሉ። ለእሳቸው መሆኑን ሳይ ከልቤ ጻፍኩ። ከተላኩልኝ ቃላት አንዱ «ረመዳን» ነበርና ማፍጠሪያ ለመንገደኛ ሁሉ ይቀርባል አልኩ። ውሸት አልመሰለኝም። በእኛ ሰፈር አዛን ሲል በደጅ ያለፈ ሰው ተምርና ውሃ ሳይቀምስ አይሄድም፤ ክርስቲያኑም ና ግባ ይላል። የሰፈሩን ደግነት የማደሪያው አገልግሎት አድርጌ ጻፍኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ!

ረመዳን ገባ። አንድ ጠዋት እትዬ ዘነበች ዓይናቸው አብጦ ኢንተርኔት ቤት መጡ።

«ሰዓዳ ልጄ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አሉኝ። «ትናንት ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር አንድ ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ጋር ገቡ። ማፍጠሪያ አላችሁ ተብሎ ነው የመጣነው አሉኝ። ቤቴ ያለው የክርስቲያን ሥጋ ወጥ ብቻ! ውሃ ቀምሰው፣ ‹ጦመኛ ይታለላል?› ብለውኝ ወጡ። በዚህ ዕድሜዬ ጦመኛ አታላይ ልባል? ይኼን የጻፈውን ሰው ፈልጊልኝ።»

እኔ ነኝ ማለት አፍሬ ወደ ድርጅቱ ደወልኩላቸው፤ እንዲሰሙም ድምፁን ከፍ አደረግኩ። «እኛ አልጻፍነውም፤ ለሌላ ሰጥተን ነው ያሠራነው» አለ ሰውዬው። ሌላው ዘንድ ደወልን። «እኛም በሰው ነው ያሠራነው፤ የጻፈችውን ጠይቋት» ብሎ ዘጋው።

«ማናት እሷ?» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ወደ እኔ ዞረው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ወላሂ ክፉ አስቤ አይደለም፣ አውፍ ይበሉኝ» ብዬ አለቀስኩ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁም አልኳቸው።

ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ማጥፋቱንስ ታጠፊዋለሽ። ሽማግሌው በባዶ አንጀታቸው መሄዳቸውን ማን ያጠፋዋል? ደግሞ አንብቦ የተነሣ ሰው አሁን መንገድ ላይ ቢሆንስ? ይልቅ ማፍጠሪያውን ማን ይሥራ?»

«እኔ» አልኩ።

ያን ዕለት ገበያ ወርደው ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት ገዙ። ጆሮው ላይ ቀይ ክር አሥረው «ይኼ የእስላም ድስት ነው፤ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። በአገራችን በቀወት የሚበቅለውን ጥራጥሬ፣ ማሾን፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ሠራሁ። የሽማግሌው ልጅ ስትመጣ መንገድ ለመጠየቅ ደውላ ስለነበር ቁጥሯ እትዬ ዘነበች ስልክ ላይ ነበር። ስደውል ሽማግሌው ራሳቸው አነሡት።

«ከማደሪያው ነሽ?» አሉኝ።

«አይደለሁም፣ አባባ። ማፍጠሪያ አለ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሰዓዳ እባላለሁ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእትዬ ዘነበች አይደለም።»

«ስንመለስ እንገባለን፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን ከኮምቦልቻ ሲመለሱ እውነትም ገቡ። አዛን ሲል እትዬ ዘነበች ተምሩን በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው። ሽማግሌው ማሾውን አጣጥመው በልተው ረጅም ዱዓ አደረጉላቸው፤ እትዬ ዘነበችም ቆመው «አሜን፣ አሜን» እያሉ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ ተንሰቀሰቅኩ።

ጽሑፉን ሳላጠፋው ቀረሁ። አዲስ አበባ ከገባሁም ወዲህ በየረመዳኑ እየወረድኩ ድስቱን እጥዳለሁ፤ በሌለሁ ጊዜ እናቴ ትጥደዋለች። ዘንድሮ ግን እትዬ ዘነበች የሉም፤ በጥቅምት አረፉ። ናፍቀውኛል። ማደሪያውን ልጃቸው ይዛዋለች። እውነቱን ልናገርና፣ መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር፤ እሳቸው ከሌሉ ቢቀርስ ማን ይጠይቀኛል? ሥራ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጥፋቱ መንገድ ላይ የሚቀር ይመስላል። ያኔ ድርጅቱም፣ ሌላውም፣ እኔም፣ ሦስታችንም እንደዚያ መስሎን ነበር።

ወጣቱ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ የዚህ አገር ሰው ነዎት? የማደሪያው ባለቤት ሞተዋል ይላል ጓደኛዬ። ይኼ ማፍጠሪያ አሁንም አለ?»

«አለ» አልኩት።

«እርግጠኛ ነዎት? ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም። ሰዓዳ እባላለሁ፤ የምሠራው እኔ ነኝ» ብዬ ከመርካቶ ገዝቼ ከእግሬ ሥር ያኖርኩትን የተምር ካርቶን አሳየሁት።