አባቴ መስከረምን ያዩበት ዓመት

ባለፈው ዓመት፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ግድም፣ አባቴን ከደሴ ይዤ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የመስኮቱን ወንበር የያዙት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ መስኮት ለእሳቸው ብርድ መግቢያ ብቻ ነበር።

የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተገፍፎ ፋሻው የተነሳው በጉዞው ዋዜማ ነው። ሐኪሙ ጥቁር መነጽር ሰጥቷቸው፣ “አያጎንብሱ፤ ከባድ ነገር አያንሱ፤ ከአቧራና ከጭስ ይራቁ” አላቸው። ግራው ደግሞ ከመኸር በኋላ እንደሚሠራ ነገረን። አባቴ ሁሉንም “ኢንሻአላህ” እያሉ ተቀበሉና ገና ከሆስፒታሉ በር ሳንርቅ መነጽሩን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው በላዩ ያዩ ጀመር።

ጉጉፍቱን አልፈን ደጋው ሲከፈት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

“ያ ቢጫ ምንድን ነው?”

“አደይ አበባ ነው እንጂ፣ አባ።”

“አደይማ መሆኑን አውቃለሁ። ይኼን ያህል ነበር እንዴ?”

ቀና ብዬ አየሁ። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ወይ ስልኬን ስነካካ ወይ ስተኛ ነው የምደርሰው። አደዩ ከድንጋይ ካቡ ሥር ተነስቶ ዳገቱን ሞልቶታል። ከዚያ በላይ ያለው ገብስ ገና አረንጓዴ ነው፤ ነፋስ ሲያልፍበት ያጎነብስና ተመልሶ ይነሳል። ክረምቱን ሙሉ ጭጋግ ውስጥ የከረሙት በጎች ታጥበው ፀሐይ ላይ የተሰጡ ይመስላሉ። አባቴ አንዱንም ዝም ብለው አላለፉም። የገብሱን ዛላ፣ የሣር ክምር ላይ ያረፈችውን ቀይ የመስቀል ወፍ፣ አጥር ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ ሳይቀር ስሙን እየጠሩ ይነግሩኛል።

ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “እኒህ ሰው ካገር ርቀው ነው እንዴ የኖሩት?” አሉኝ።

ነገሩን ነገርኳቸው። “ማሻአላህ” አሉና ለጎናቸው ሰው አቀበሉት። ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ሁሉ አስጎብኚ ሆነ። አንዱ “አባ፣ በግራ በኩል ተልባ አብቧል፤ ሰማያዊውን ይዩት” ይላል፤ ሌላው “ቆይ፣ ከመታጠፊያው በኋላ ፏፏቴ አለ” ይላል። ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ሹፌሩ ሳይጠየቅ ዳር ይዞ ቆመ። ሁላችንም ወረድን። ውኃው ክረምት ከወጣ ወዲህ ጠርቶ ከገደሉ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ይወርዳል። አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። ማንም አልቸኮለም። ሹፌሩ እንኳ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያራግፍ ነበር።

የወላጆቼ ቤት እኔ ከማስተምርበት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እናቴ ከሁለት ቀን በፊት በስልክ፣ “ፊቴን ሲያዩ ምን ይሉ ይሆን?” ብላኝ ስቄባት ነበር። ስንደርስ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ፣ እጇን ሒና ተቀብታ ደጃፍ ላይ ቆማለች። አባቴ ከፊቷ ቆመው ትክ ብለው አዩዋት።

“አንቺ፣ አላረጀሽም እኮ” አሏት።

“ሁለተኛው ዓይንዎ እስኪበራ ይታገሱ” አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ትከሻዋ ግን ሲስቅ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እነሱ መሄድ አዘወተርኩ። ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ በአንዱ ቅዳሜ፣ አባቴ የልጅነት ወዳጃቸው ከሆኑት ክርስቲያን ጎረቤታችን ጋር ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ተረተር ሲወጡ ተከተልኳቸው። ጎረቤታችን በየዓመቱ ጭጋጉ ሲገፈፍ እዚያ ተቀምጠው፣ “ዛሬ አምባ መቅደላ ጥርት ብላ ትታያለች” እያሉ ለአባቴ ይነግሯቸው ነበር።

“እስቲ የቷ ናት?” አሉ አባቴ።

“ያቺ፣ አናቷ የተቆረጠው።”

አባቴ ረጅም ጊዜ አዩ። “ያቺማ እዚሁ ወንዙ ማዶ ያለች ጋራ ናት። ላይዋ ላይ ፍየል ይታየኛል።”

“አንተ በአንድ ዓይን ነው የምትከራከረኝ?”

“በአንድ ዓይንም ፍየል ፍየል ነው።”

ዳኝነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ለማንም ብፈርድ ሌላው እንደሚያኮርፍ ስለማውቅ ደመና ሸፍኗታል ብዬ አለፍኩ። ሰማዩ ላይ የጥጥ ያህል እንኳ ደመና አልነበረም፤ ሁለቱም ግን በፍርዱ ተስማሙ።

ከተረተሩ ሥር የጎረቤታችን የባቄላ ማሳ አለ። እሸቱ ደርሷል። አባቴ ማጎንበስ ስለተከለከሉ ወዳጃቸው ለቅመው ጋቢያቸው ላይ ከመሩላቸው። ካቡን ተደግፈን እንፈለፍል ጀመር። ጥሬ የባቄላ እሸት የዚያን ሰሞን ብቻ ያለው ጣዕም አለው፤ ቆዳው ትንሽ ይመራል፣ ውስጡ ይጣፍጣል። አባቴ አንዱን ፍሬ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አገላበጡት።

“ይኼ ትል ነው?”

“ትል ነው፤ ጣለው” አሉ ወዳጃቸው።

“እንግዲያው እነዚያን ዓመታት ሁሉ ስንቱን ትል በልቼ ይሆን?”

“አንዱንም አልበላህም። እኔ እየለቀምኩ አልነበር የማጎርስህ?”

አባቴ ቀጥለው ጥቂት ፈለፈሉ፤ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ በብርሃን አዩና ንጹሖቹን በወዳጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩ። ወዳጃቸውም ሳያዩ አፋቸው ውስጥ ጨመሯቸው። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ስለ ገብሱ፣ ስለ ንቡ፣ ዘንድሮ ማሩ ነጭ ይሆናል አይሆንም እያሉ ሲከራከሩ ዋሉ። እኔም የክርክሩን መጨረሻ ሳልሰማ፣ ጣቶቼ በባቄላ ልጣጭ ጠቁረው፣ እናቴን ለመርዳት ወደ ቤት ወረድኩ።