ጠራዧ ያጣበቀችው ወረቀት

የቤቴን የእሳት ኢንሹራንስ ላሳድስ የሄድኩ ዕለት፣ ቢሮው ውስጥ ወረፋ የምንጠብቅ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ነበርን። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሦስት ወረቀት ጭናቸው ላይ ዘርግተው አንዱን አንስተው ሌላውን ይጥላሉ። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። አንዲት ሴት ብቻ፣ ጣቶቿ ላይ ሙጫ የደረቀባት፣ ተራዋ ደርሶ ስሟ ሊጠራ ሲል ቁጥሯን ከኋላዋ ላለው ሰው ሰጥታ መጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ምን ቸገረዎት አባቴ?»

«ልጄ ሦስት ኢንሹራንስ ገባሁልህ ብሎ ይኸው ላከልኝ። ለእኔ ሦስቱም አንድ መልክ ናቸው።»

«አይደሉም። ይሄ የሕይወት ነው፤ እርስዎ ሲያልፉ እዚህ ላይ ለጻፉት ሰው ይከፈላል። ይሄ የአደጋ ነው፤ ወድቀው ቢሰበሩ። ይሄኛው የቤት ነው፤ እሳት ቢነሳ።»

«እና ሳልሞት፣ ሳልወድቅ፣ ቤቴም ሳይቃጠል ብኖርስ?»

«እሱንማ የሚሰጥዎት እግዚአብሔር ነው። ለሱ እዚህ መስኮት የለውም።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። እሷ እስክሪብቶዋን አውጥታ እየጠየቀች ሞላችላቸው። «እዚህ ላይ እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ አባቴ፤ በኋላ ያጣራሉ» ስትል እጇ ትንሽ ቆም አለ። ያን ጊዜ አወቅኳት። የጸሎት መጽሐፌን ሁለት ጊዜ የጠረዘችልኝ የማተሚያ ቤት ጠራዥ ነበረች። ተራዋን መልቀቋ ግማሹ ደግነት፣ ግማሹ ፍርሃት እንደነበረ የነገረችኝ ግን ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የቀረውንም ያኔ እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

መስኮቱ ጋ ስትደርስ ማክሰኞ ከቀትር በፊት አምስት ሰዓት ነበር። ልጇ ሐሙስ ጠዋት የቀዶ ጥገና ቀጠሮ አላት። የልጅቷ ግራ ጆሮ ውስጥ፣ ከታምቡሩ ኋላ፣ አጥንት እየበላ የሚያድግ ነገር ተገኝቷል። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው፦ ከዘገየ መጀመሪያ መስማቷን፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ይነካል። «ሌላ ነገር» ሲል እጁ ወደ ራሱ ጭንቅላት ሄዶ ተመለሰ። ሆስፒታሉ የሚፈልገው አንድ ደብዳቤ ነው፤ ኢንሹራንሱ ወጪውን እሸፍናለሁ የሚልበት። ያ ካልመጣ ቀጠሮው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ የሚቀጥለው ተራ ከአራት ወር በኋላ ነው።

መነጽር ያደረገችው ጸሐፊ የልደት ምስክር ወረቀቱን ከፎርሙ ጎን አስቀምጣ በጣቷ መስመር በመስመር ወረደች። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«የእናት ስም የሚለው ላይ ያለው የእርስዎ ስም አይደለም።»

«የእህቴ ነው።»

«ፎርሙ ግን ልጅ ነው የሚለው።»

«ልጄ ናት።»

«እኔ መች ካድኩ? የካደው ወረቀቱ ነው።»

«ቆይ፣ የሕይወት ኢንሹራንሴ ላይም እኮ እሷን ነው የጻፍኩት። ማንም ምንም አላለኝም።»

«እሱ ሌላ ነው እህቴ» አለች ጸሐፊዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በሕይወቱ ላይ የሚቀበል ሰው ብለው ጎረቤትዎንም መጻፍ ይችላሉ። የአደጋው ደግሞ እርስዎን ብቻ ነው የሚይዘው። የጤናው ግን ቤተሰብ ነው የሚሸፍነው፤ እዚህ ቤተሰብ የሚባለው ደግሞ በሰነድ ነው። ወይ የወለዱት፣ ወይ ፍርድ ቤት አሳድጊ ብሎ የሰጠዎት።»

«ፍርድ ቤት ሰጥቶኝ ከሆነስ?»

«የሰጠበትን ወረቀት እስከ ነገ አሥር ሰዓት ያምጡ። ልጅቷም ትምጣ። አሥራ አምስት ዓመት ያለፋት ልጅ ማስተካከያው ላይ ራሷ ነው የምትፈርመው።»

ጠራዧ ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። ወረቀቱ ነበራት። ልጅቷ ነበረች የማታውቀው።

እህቷ ስትሞት ሕፃኗ የአሥራ አንድ ወር ልጅ ነበረች። አባትየው ከመወለዷም በፊት ጥሎ ሄዷል። ፍርድ ቤቱ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጣት፤ በዚያ ወረቀት ሕፃኗን ይዛ ቤቷ ገባች። ልጅቷ አፏን ስትፈታ «እማ» ያለቻት እሷን ነው። ማን አፍ አለው እንዲህ ያለውን ቃል ለማረም? ነገ እነግራታለሁ ስትል ዓመት፣ ትምህርት ስትጀምር እነግራታለሁ ስትል ሌላ ዓመት። ለምዝገባ የልደት ወረቀቱን ራሷ ይዛ ትገባለች፣ ራሷ ይዛ ትወጣለች።

ልጅቷ ስምንት ዓመት ሲሞላት መሳቢያ መበርበር ጀመረች። ጠራዧ ፈራች። በዚያው ሰሞን ለልጅቷ አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት እየጠረዘችላት ነበር፤ ገጾቹ ከማተሚያ ቤቱ በስህተት የተጣሉ፣ እሷ ለቅማ ያሟላቻቸው። የፍርድ ቤቱን ወረቀት መጭመቂያው ስር አስተካክላ፣ ከሽፋኑ ካርቶን ላይ አስተኝታ፣ በላዩ ካርቶኑን የሚሸፍነውን የውስጥ ልባስ ወረቀት ለጠፈችበት። እንዲህ ያለ መደበቂያ ከጠራዥ በቀር ለማንም አይታሰብም። ሥራው ደግሞ ጥሩ ነበር፤ አንድም እብጠት አልታየበትም።

የጤና ኢንሹራንሱ ፎርም የመጣው ከዚያ በኋላ በዓመቱ ነው። የማተሚያ ቤቱ አለቃ፣ ሠራተኞቹ ስለ ጩኸቱ «ሻለቃ» የሚሉት ሰውዬ፣ ምሳ ሰዓት ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ፎርሙን እንደ ካርድ አደላቸው። «ማንበብ አያስፈልግም፣ መሙላት ነው!» ዝምድና የሚለው ሳጥን ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋን ሳታነሳ «ልጅ» ብላ ጻፈች። መዋሸቷ እንኳን አልታወቃት።

ማክሰኞ ከሰዓት ሻለቃ ነገሩን ሰማና ጥረዛ ክፍሉ ጥግ ወሰዳት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ? የምንሠራው እኮ ማተሚያ ቤት ነው! የአንድ መስመር ስም ለመቀየር ልጅ እያስለቀስሽ ፍርድ ቤት ትላለሽ? ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

«ማጭበርበር ነው።»

«ማንን ዘረፍሽ? ልጅ ልታሳክሚ ነው! እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ በሩን ዘግቼልሽ ምሳዬን እበላለሁ።»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የራሱን ልጅ ያሳከመው የሰው ፊት እያየ ነበር። በሩን ዘጋላት።

ለብቻዋ ቀረች። የልደት ወረቀቱን ውፍረት ጣቶቿ ያውቁታል፤ ከመደርደሪያው ሦስተኛ ረድፍ አንድ ቅጠል ወረቀት ሳብ አድርጋ ለመስኮቱ ብርሃን ስታነሳው ያው ራሱ ነው። ፊደሉም አለ። ማኅተሙም ቢሆን ለሚያውቅበት ሰው የማይቻል አልነበረም። የልደት ወረቀቱን ከጎኑ አስቀመጠችው፤ የእህቷ ስም በጥቁር ቀለም አለ። ከዚያች ሴት በምድር ላይ የቀረ ጽሑፍ ቢኖር ይህና ካርቶኑ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። አንዴ ደብቄያታለሁ፣ አሁን ደግሞ በገዛ እጄ ልፍቃት ነው? ብላ አሰበች። ቅጠሉን ወደ ረድፉ መለሰችና ሻለቃ ምሳውን ሳይጨርስ በሩን ከፍታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ልጅቷ ግራ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋ ሒሳብ ትሠራለች። ጠራዧ ወንበር ስባ በግራዋ በኩል ተቀመጠች። መንገድ ሙሉ ያዘጋጀችውን፣ ዓይኗን ደብተሩ ላይ ተክላ፣ ቀስ ብላ ተናገረችው። እህት እንደነበረቻት። እህቷ እንደወለደች። እህቷ እንደሞተች። ልጅቷ ማን እንደሆነች። ጨረሰች።

ልጅቷ እርሳሷን አስቀምጣ ዞረች። «አንድ ነገር ስታወሪ ነበር እንዴ? በዚህ በኩል ነይ እማ፤ ያ ጆሮዬ ዛሬ ጭራሽ ሥራ ፈትቷል።»

ደገመችው። በቀኝ በኩል፣ ፊት ለፊት እያየቻት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አሥር እጥፍ ከበደ፤ አሁን ፊቷ ላይ ቃል በቃል ሲገባ ታያለች።

«ወረቀቱ የታለ?» አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

መዝገበ ቃላቱን አወረደችው። ውኃ አፍልታ ልባሱን በእንፋሎት አራሰችው። ልጅቷ ካርቶኑን ግራና ቀኝ ይዛ ወጠረችላት። ሙጫው ግን ስምንት ዓመት ጠጥቶ ደርቋል። ልባሱ ለቀቀ፣ ወረቀቱም መነሳት ጀመረ፣ ማኅተሙ ጋ ሲደርስ እምቢ አለ። «ቀስ!» አለች ልጅቷ። ጠራዧ የጥረዛ ቢላዋዋን አስተኝታ የፀጉር ያህል ገፋችው። የታችኛው ማእዘን ካርቶኑ ላይ ቀረ። ማኅተሙ ተረፈ።

ልጅቷ እርጥቡን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«የእናቴን ስም ካርቶን ውስጥ አጣብቀሽ፣ እኔ በላዩ ላይ ስንት ዓመት ቃል ስፈልግ ኖርኩ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«እንዳትሄጂብኝ።»

«የት ነው የምሄደው? ስምንት ዓመቴ ነበር እኮ!»

ተነስታ ጓዳ ገባች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ቢወረወር ይሻል ነበር።

ረቡዕ ወደ ቢሮው ሲሄዱ ልጅቷ ሁለት እርምጃ ቀድማ ነበር የምትራመደው። ጸሐፊዋ የተቀደደውን ማእዘን አይታ ከንፈሯን ነከሰችና ወረቀቱን ይዛ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባች። የግድግዳው ሰዓት ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ይላል። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወጣ፤ ጠቆር ያለ፣ ትዕግሥቱ ያለቀ የሚመስል ሰው።

«ፎርም ላይ ሐሰት ከተገኘ ውሉን ማፍረስ እንችላለን። ያውቃሉ?»

«አሁን አወቅኩ።»

«የፍርድ ቤቱ ወረቀት ግን ከፎርሙ ስምንት ዓመት ይቀድማል። በመዋሸትዎ ያገኙት ምንም ነገር የለም። ያኔ ‹በአሳዳጊነት የያዝኳት› ብለው ቢጽፉ ኖሮ ከወለዱት እኩል ነበር የምትሸፈነው።» ትንፋሹን አወጣ። «ሰው ሁሉ ፎርም ሲሞላ ልቡን ነው የሚጽፈው። እኛ የምንጠይቀው ሰነዱን ነው።»

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ከሳቸው ጋር ነው የምትኖሪው?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ልጅቷ ወደ ጠራዧ አላየችም። «እኔም ትናንት ነው ያወቅኩት። ከአሥራ አንድ ወር ዕድሜዬ ጀምሮ።» ፈረመች። ለአሥር ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር ደብዳቤው ከማተሚያው ወጣ፤ ገና ትኩስ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ለጥረዛ ሰጥቼው የነበረ መጽሐፍ ልወስድ ማተሚያ ቤቱ ብሄድ፣ ሻለቃ እንደ ወትሮው ሳይጮህ «ሆስፒታል ናት፤ ለብቻዋ» አለኝ። ሄድኩ። ኮሪደሩ ውስጥ የብረት ወንበር ላይ አገኘኋት። ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ ይህን ሁሉ ያኔ ነው የነገረችኝ። ጸለይን ማለት አልችልም፤ እኔ በልቤ ጸለይኩ፣ እሷ ተረከች።

ከመግባቷ በፊት ልጅቷ አንድ ቅጽ ሞልታ ነበር። የቅርብ ተጠሪ ከሚለው ስር የጠራዧን ስም፣ ዝምድና ከሚለው ስር ደግሞ «አክስት» ብላ ጻፈች። «እውነቱን ነው የጻፈችው» አለችኝ ጠራዧ። «እኔ ባልጻፍኩበት ቦታ ጻፈችው። መቆጣት እችላለሁ? ግን ጋሼ፣ እንደ ስለት ነው የቆረጠኝ።»

ነርሷ በሩን ከፈተች። ቀዶ ጥገናው አልቋል፣ ወደ ጭንቅላቷ ሳይዘልቅ ደርሰንበታል፣ ልጅቷም ልትነቃ ነው፣ አንድ ሰው መግባት ይችላል አለች። እኔ «ተመስገን» ብዬ ብድግ ስል ጠራዧ ግን አልተነሳችም። እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። እርስዎ ቀድመው ይግቡ። ከነገርኳት ወዲህ በምንም ስም አልጠራችኝም። እኔ ፊቷ ከቆምኩ አዝናልኝ እማ ትል ይሆናል። ስትነቃ ማንን እንደምትጠራ ይስሙልኝ። አክስቴ ካለች አክስቴ አለች ይበሉኝ፤ ማንንም ካልጠራችም ማንንም አልጠራችም ይበሉኝ። እባክዎ፣ ለእኔ ብለው እንዳያሳምሩልኝ።»