ጥቁር ናት፣ ግን ቀይ

መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው፤ ቀና ማለት ፈርቼ ነበር። በበረኪና ታጥቦ ገና እርጥብ ነው። የጫማዬን ክር ስለወሰዱብኝ ጫማው ከእግሬ እየወለቀ ያንሸራትተኛል። ከኋላዬ በሩ እንደ ማቀዝቀዣ በር ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ክፍሉ መስኮት የለውም። አንድ የሲሚንቶ መደብ፣ ጣሪያው ላይ ዝዝ የሚል ነጭ መብራት፣ መደቡ ጫፍ ላይ ደግሞ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች።

ከአንድ ሰዓት በፊት ሮም፣ ኤስኲሊኖ ገበያ፣ ቃሪያ እየመረጥኩ ነበር። የማስታምማቸው አሮጊት ሲኞራ ቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍት ይሰጡኛል። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ አንድ ጥቁር ሰው ገድሎ፣ ወሬው ሮም ደርሶ፣ አደባባዩ በወጣቶች ተሞልቷል። ቆሜ ሳይ አንዷ ልጅ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ካርቶን አስያዘችኝ። ምን እንደሚል አላውቅም፤ ግን አልጣልኩትም። እንዲያውም ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ሮም ከመጣሁ ጀምሮ እጄ ከፍ ብሎ የሚያውቀው መጋረጃ ሳወርድ ብቻ ነበር። ከዚያ ግፊያ መጣ፤ ፖሊሶቹ የደረደሩት የብረት አጥር ተገንድሶ አንዱ ፖሊስ እግር ላይ ወደቀ። ካርቶን የያዘ ሁሉ ተለቀመ።

የፖሊስ መኪናው ውስጥ መንገዱን ሙሉ «እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም፣ ኢትዮጵያዊት ነኝ» እያልኩ ነበር። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር።

የፈራሁበት ምክንያት አለኝ። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እድሳት ላይ ነበር፤ ልጄን ከአዲስ አበባ የማስመጣበት ማመልከቻ ደግሞ በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጥያት ስመጣ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ሞልቷታል። ስሜ ፖሊስ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ምን እንደሚከተል የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን የከፋ የከፋውን ለራሴ ነገርኩት። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ለልጄ ፈራሁ።

መደቡ ላይ የተቀመጠችው ልጅ አሜሪካዊት ናት፤ ሥነ ጥበብ ልትማር ሮም የመጣች። ጣልያንኛዋ ከእኔ ይሻላል። ጠቆር ያለች፣ ቀይ ዊግ ገብቶበት የተሠራው ሹሩባዋ እስከ ወገቧ የሚወርድ። እጆቿን ጭኖቿ ሥር ደብቃለች።

«አንቺም እንደ እኔ ጥቁር በመሆንሽ ነው ቶሎ ያነሱሽ» አለችኝ።

«እኛ ጥቁር አንባልም» አልኳት። «ሐበሻ ነን።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «አያቴም ጥቁር ያላትን ሰው ትማታ ነበር» አለች። «እናቴ ግን ቃሉን ካናቴራ ላይ አጽፋ ቤተ ክርስቲያን ትሄድበት ነበር።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ስሜ ነው። ለስድብ ሰጡን፤ ወስደን መጠሪያ አደረግነው። እኛ ዘንድ መልኩ ከፈካው እስከ ጠቆረው ሁሉም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው።» ደግሞ በሩን እያየች፣ «የአጎቴ ልጅ እንዲህ ያለ ክፍል ገብቶ በእግሩ አልወጣም» አለችኝ። እኛ ሰፈር ለጠቆረ ጎረቤታችን የሰጠነው ስም ትዝ አለኝ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ቀድሞ የተጠራሁት እኔ ነኝ። መርማሪው ዕድሜው የገፋ፣ ድምፁ የለዘበ ሰው ነው። ውሃ ቀዳልኝ። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ስለነበር ልስላሴው ይበልጥ አስፈራኝ።

«አጥሩን ማን ገፋው?»

«አላየሁም።»

«ፊት ለፊት ነበርሽ፣ ሲኞራ። ያየሽውን ንገሪንና ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

አይቻለሁ። አጥሩን በሁለት እጇ ይዛ የነቀነቀችው አንዲት ቀጭን ልጅ ናት፤ ፀጉሯ በሻሽ የተሸፈነ፣ ቀይ የምንላት ዓይነት። አላውቃትም፤ ወዲያው ሮጣ ሄዳለች። ያን ሁሉ ዓመት የለቀምኩት ጣልያንኛ በአንድ ጊዜ ጥሎኝ ጠፋ። የቀረኝ አማርኛዬ ነበርና ቃል በቃል ገልብጬ ተናገርኩት።

«ኔራ፣ ማ ሮሳ» አልኩ። ጥቁር ናት፣ ግን ቀይ።

ሰውየው ቀና አለ። «ሮሳ?»

«ሲ። ሮሳ።»

ፈገግ ብሎ በፍጥነት መጻፍ ጀመረ። ጽሑፉ ታትሞ ሲመጣ ትፈርሚያለሽ ብሎ ወደ ክፍሉ መለሰኝ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር፤ መደቡ ላይ ተቀምጬ ለልጄ ስለዛሬው ምንም እንደማልነግራት እያሰብኩ ነበር።

ቀጥሎ አሜሪካዊቷን ወሰዷት። ስትመለስ አልተቀመጠችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ምስክር አለ አሉኝ» አለች። «አጥሩን የገፋችው ቀይ ፀጉር ያላት ጥቁር ልጅ ናት ብሎ የተናገረ ሰው አለ። ነገ ዳኛ ፊት ያቀርቡኛል። እኔ እኮ እዚያ አጠገብ አልነበርኩም።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ጣልያን አንዲትን ሴት ሮሳ ሲል ፀጉሯን ነው የሚናገረው። ሮም ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቀው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው።

ወዲያው ነገርኳት ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ምናልባት ራሷ ታስረዳ ይሆናል፣ ጠበቃ ይቆምላት ይሆናል፣ አሜሪካዊት ስለሆነች መንግሥቷ ይደርስላታል እያልኩ ለዝምታዬ ምክንያት ስሰፋለት ቆየሁ። እሷ ሹሩባዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ልብሷ ውስጥ ትከታለች፤ ይወጣል፤ መልሳ ትከታለች። እያየኋት አፈርኩ። ግን ከእፍረቴ ፍርሃቴ ይበልጥ ነበር።

ስሜ ተጠራ። ቦርሳዬ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የገዛሁት ቃሪያ ከነከረጢቱ አጠገቡ ተቀምጧል። መርማሪው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ፈርሚና ሂጂ።»

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ቀይ ፀጉር ያላት ጥቁር ልጅ ይላል።

«ይህን አላልኩም» አልኩ።

«ሮሳ ብለሻል።»

«ያልኩት የቆዳዋን ነው።»

«የጥቁር ሴት ቆዳ ቀይ ነው?»

«እኛ ዘንድ ሰው ቀይ ይባላል፣ ጠይም ይባላል፣ ጥቁር ይባላል። እኔ ጠይም ነኝ። እዚያ ያለችው ልጅ ጥቁር ናት። አጥሩን የገፋችው ቀይ ናት። የእሷ ፀጉር ተሸፍኖ ነበር፤ ቀለሙን አላየሁም።»

እጄን አየ፤ ፊቴን አየ። እየቀለድኩበት እንደሆነ የሚመረምር ይመስላል።

«ሲኞራ፣ ለእኔ ሁላችሁም ጥቁር ናችሁ።»

«እንግዲያው እኔ ለምን ቤቴ እሄዳለሁ?»

ሳልመዝነው ነው የወጣኝ። ሰውየው ተንፍሶ ወንበሩን ወደኋላ ሳበ።

«አሎራ፣ እንግዲህ ስሚኝ» አለ። «ቃልሽን ከቀየርሽ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ የሚመጣው ነገ ነው። እዚሁ ታድሪያለሽ። ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስም ወረቀትሽ ባለበት ይቆማል። ገባሽ?»

ገባኝ። ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ እንደዚያ ጥርት ብሎ የገባኝ የለም። የልጄን መልክ ላስታውስ ሞከርኩ፤ የመጣልኝ የስምንት ዓመቷ ፊት ነው። እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሜ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አድራለሁ» አልኩ።

ክፍሉ ስገባ ቆሜ ነገርኳት። «ምስክሯ እኔ ነኝ። የተናገርኩት ስለ አንቺ አልነበረም፤ ግን ቃሉ የእኔ ነው። ቃሌን እንደማስተካክል ነግሬያቸዋለሁ።» እስክጨርስ አየችኝ፤ ከዚያ መደቡ ሌላ ጫፍ ሄዳ ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እውነቷን ነው። እንዲሁ አደርን።

ጠዋት የመጡት አስተርጓሚ ሽበታም አባት ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ ይጠቁራሉ። መርማሪው ገና ሳይቀመጡ፣ በእርግጥ በእናንተ አገር ሰው ቀይ ይባላል ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«ይባላል እንጂ» አሉት። «እናቴ እኔንም ቀዩ ልጄ እያለች ነው ያሳደገችኝ።»

መርማሪው ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ጻፈ። እሳቸው በአማርኛ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ልጄ፣ ለዚች አንዲት ቃል ነው እዚህ ያደርሽው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲህ እግዜር ይፍታሽ» ብለው ወረቀቱን አነበቡልኝና ፈረምኩ።

ሁለታችንንም ቀትር ሳይሆን ለቀቁን። በር ላይ አሜሪካዊቷ የጫማዋን ክር እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ «በቋንቋሽ እኔን ምን ትይኛለሽ?» አለች።

«ጥቁር።»

«ጡኩር» አለች፤ ደግማም ሞከረችው። ከዚያ ተነስታ እጄን ጨበጠችኝና ወደ ሜትሮው ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

መርማሪው ያለው ሁሉ ደረሰ። ወረቀቴ ቆመ፤ ልጄ ከታሰበው ሁለት ዓመት ዘግይታ መጣች። አውሮፕላን ማረፊያ አላወቅኳትም፤ ቀድማ ያወቀችኝ እሷ ናት፤ በቁመት በልጣኝ ነበር። ለምን እንደዘገየሁባት የነገርኳት ባለፈው ክረምት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ድንች እየላጥን ነው። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ያቺ አሜሪካዊት ታውቃለች?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እኔ እንደጠበቅሁ።»

አታውቅም አልኳት። ልጅ እንዳለኝ እንኳ አልነገርኳትም ነበር። ልጄ ራሷን ነቀነቀችና ቢላዋውን አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ሄደች፤ እኔም የቀረውን ድንች ብቻዬን ላጥኩ።