ማሽላ የሚያክለው ፊደሌ ጤፍ ሲያክል

ያልቃምኩትን ጫት መዝገቤ ላይ ጽፈው ከሥራ አባረሩኝ።

ከቆቦ የወጣሁት በውል ነው፣ በሕጋዊ ቪዛ። አውቶቡሱ ሮቢትን ሲያልፍ ሚስቴ ሰዓዳ ደውላ «ራስህ ጻፍልኝ፤ በሰው እጅ አታጽፍ» አለችኝ። እሷ ስምንተኛ ደርሳለች፤ እኔ ስሜን እንኳ አልጽፍም ነበር። ሳዑዲ፣ የሠራተኞች ካምፕ ውስጥ፣ አንድ የጎብዬ ሰው ፊደል አስቆጠረኝ። ወረቀት ላይ እጽፍና በስልክ ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ፊደሎቼ ማሽላ ያክሉ ነበር።

ሥራዬ ታንከር ውስጥ ገብቶ ብረት መበየድ ነው። የቆቦ ሙቀት ነፋስ አለው፤ የታንከር ሙቀት ጭስ ብቻ ነው። በአራተኛው ዓመት እግሬ ይጎተት፣ ወደ ኋላም ያንገዳግደኝ ጀመር።

ሰዓዳ ደወለች። «ምነው ፊደልህ ጤፍ አከለ? ወረቀት ተወደደ?»

«እንደ ድሮው ነው የምጽፈው» አልኳት። አልታወቀኝም።

የድርጅቱ ሐኪም አየኝ። «ኢትዮጵያዊ ነህ። ጫት ነው።»

«ጫት እዚህ ያሳስራል። ከየት አመጣዋለሁ? ታንከሩ ውስጥ በቀለልኝ?»

ጻፈው። ወሬው የሚስቴ ቤተሰብ ያለበት ዋጃ ደረሰ። የሰዓዳ አባት «ልጄን ለጫታም አልተውም፣ ይፍታት» አለ። ይህን ሲል የራሱ ጉንጭ በጫት ተወጥሮ ነበር አለችኝ።

ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አመለከትኩ። ቢሮው አንጎሌ በኤም አር አይ እንዲታይ መንግሥት ሆስፒታል ላከኝ። ባለሙያው «ዓይንህ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል?» አለኝ።

«በያጅ ነኝ። የትኛውን ልንገርህ?»

ማሽኑ ማግኔት ስለሆነ መጀመሪያ ዓይኔን ራጅ አነሱኝ።

የሆስፒታሉ ሐኪም የአንጎሌ ምስል ላይ ግራና ቀኝ የነጣውን ቦታ አሳየችኝ። «ማንጋኒዝ ይባላል፤ ከብየዳ ጭስ የሚገባ ብረት ነው። ሳይዘገይ መምጣትህ በጀ። ከጭሱ ስትርቅ ነጩ ይጠፋል።»

«ፊደሌን ያሳነሰው እጄስ?»

«እሱ ላይመለስ ይችላል። ምስሉም ብቻውን አይበቃም፤ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ የሚያሳይ፣ ድሮ የጻፍከው ነገር አለህ?»

ሰዓዳ ደብዳቤዎቼን በተራ ላከች፤ ማሽላው ጤፍ እስኪሆን ድረስ። ታንከር ውስጥ የምትበይዱ ወንድሞቼ፣ የድሮ ጽሑፋችሁን አትጣሉ።

ጫት የሚለውን ሰርዘው «ከሥራው የመጣ ሕመም» ብለው ጻፉ። እኔ ግን ገና እዚሁ ሕክምና ላይ ነኝ። ደወልኩላት።

«አባትሽ ምን አለ?»

«‹ይፍታት› ማለቱን ተወ። አንተ ብቻ ጻፍልኝ።»

«አይነበብም።»

«በስልኩ አጉልቼ አነበዋለሁ።»

ቢሮው መዝገቤን የዘጋው ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ሻዕባን ሃያ ስምንት፣ ማክሰኞ ዕለት ነው።