ባለቀይ ነጥቡ ፕሬዠር

የታሰርኩበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው አሁንም ገብስ ገብስ ይሸታል፤ ጥጉ ላይ ያለው ባልዲ ደግሞ ሌላ ሌላውን። ቀድመውኝ የገቡት አንድ የከላላ ገበሬ ብቻ ነበሩ። ማዳበሪያ በግድ አልወስድም ብለው ነው የታሰሩት። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

እኔ መካነ ሰላም ፊዚክስ አስተምር ነበር። የታሰርኩት ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ በመጠየቄ ነው። ቤቴ ሲፈተሽ ግን ከጥያቄዬ የባሰ ነገር ተገኘ፤ ሽቦ የወጣበት ወፍራም የብረት ቧንቧ፣ ፕሬዠር የምንለው ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት ውስጥ ተቀምጦ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ፖሊስ ብሆን እደነግጥ ነበር።

ቧንቧው ውስጥ ያለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። አፋር በረሃ ለእንፋሎት ኃይል በሚቆፈር ጉድጓድ ወርዶ ሙቀትና ግፊት እንዲለካ ነበር የምነድፈው። እታች ተራው ብየዳ ይቀልጣል፤ እንፋሎቱም በቀጭን ስንጥቅ ገብቶ ሁሉን ያበላሻል። መሞከሪያ ስለሌለኝ፣ ከዓረብ አገር ከተመለሰች ጎረቤቴ ፕሬዠሯን ተዋስኩ። ሦስት ጊዜ ቀቀልኩት፤ ሦስቴም ውሃ ገባበት።

መርማሪው ድስቱን ገልብጦ ከሥሩ ያለችውን ቀይ ነጥብ አሳየኝ። የየትኛው ድርጅት ምልክት እንደሆነች ጠየቀኝ። የጥፍር ቀለም ናት። ለቅሶና ሠርግ ላይ ዕቃ እንዳይቀያየር ሴቶቹ ሁሉ የየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ የጎረቤቴ ይቺ ነበረች። ይህን ብናገር ቤቷ ገብተው ሳህኗን ሁሉ ይገለብጣሉ። ድስት የሴት ዕቃ መሆኑ ግን አልጠፋውም፤ የባለቤቲቱን ስም ከጻፍኩ በማግስቱ እንደምፈታ ነግሮኝ ወረቀት ሰጠኝ። ለጥያቄ ብቻ ነው የምንፈልጋት አለ። እኔም የመጣሁት ለጥያቄ ብቻ ተብዬ ነበር።

ፈርቼ ነበር፤ ልጽፍም ዳድቶኝ ነበር። ሁሉንም ለገበሬው ነገርኳቸው። እሳቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ቧንቧውን በምን እንደመረግኩት ነው። ሲደርቅ ድንጋይ በሚሆን ሙጫ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለቤታቸው አረቄ ስታወጣ የማሰሮውንና የመቃውን መጋጠሚያ በእርጥብ ጭቃ እየደጋገመች ትመርጋለች፤ ደርቆ ዝም ካለችው እሳት ሲሰማው ይሰነጠቅና እንፋሎቱ ያመልጣል። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ሰውዬ አፈርኩ። ብረትና ሙጫ ሲሞቁ እኩል እንደማያብጡ ለተማሪዎቼ የማስተምረው እኔው አልነበርኩም እንዴ።

ከዚያ ወረቀቱን አዩ።

"ልጄ፣ ዕቃ ተውሶ ባለቤቲቱን ማስረከብ የት አገር ነው ያየኸው?"

"ካልጻፍኩ አልወጣም፣ አባባ።"

"አዎ፣ አትወጣም" አሉኝ፤ የጋቢያቸውን ጫፍም ጣል አደረጉብኝ።

ጠዋት ጻፍኩ፦ "ፕሬዠሩ የኔ ነው። ነጥቧንም የቀባሁት እኔ ነኝ።" መርማሪው አንብቦ ጣቶቼን አንድ በአንድ አየና ወደ ክፍሌ መለሰኝ። ሰባት ወር ቆየሁ።

የተፈታሁ ዕለት በቀጥታ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ቤቷን ማንም አልነካውም። ድስቷን እንዳልመለሱልኝ ነገርኳት።

"አልሐምዱሊላህ፣ አንተ ወጥተሃል፤ ድስት ምን አባቱ!" ብላ አለቀሰች። የጻፍኩትን አልነገርኳትም።

ዛሬ የምሠራቸው መለኪያዎች ጉድጓድ ይወርዳሉ። መጋጠሚያቸው ለስላሳ ነው፤ ከብረቱ ጋር አብሮ ያብጣል፣ አብሮ ይሰበሰባል። ገበሬው ይህን ሳያዩ ሞቱ፤ ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እያንዳንዱን ከመላኬ በፊት ከሥሩ በጥፍር ቀለም አንዲት ቀይ ነጥብ እቀባለሁ። ሙቀቱ እንደሚያጠፋት አውቃለሁ። ቢሆንም እቀባለሁ።