በቅቤ የታሸው ጂፕ

ቅቤ የሚያስጠላት የጉራጌ ልጅ በእኛ ሰፈር እንደ በሽተኛ ትታያለች። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሽታው ያቅለሸልሸኛል። እናቴ ጠዋት ራሴን ትቀባኝና ቀኑ ሞቅ ሲል ቀልጦ በአንገቴ ይወርድ የነበረው ነገር እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ አባቴ ጂፕ የምጽፈውን ሁሉ በዚህ አፍንጫ እንዳሸተትኩት እንዲታወቅልኝ ብዬ ነው።

ጂፑ በዕድሜ ይበልጠኛል። አባቴ ከደጋው ድንችና ገብስ ቡታጅራ እያወረደ ይነግድበታል። ቆርቆሮው ደህና ነው። ያረጀው ከበሮቹ በታች በጎን የሚሄደው ጥቁር የላስቲክ ክፈፍና ጎማዎቹን ከላይ እንደ ቅንድብ የከበበው ሽፋን ነው። ፀሐይ አመድ አስመስሎታል፤ ጫፍ ጫፉ ተሰነጣጥቆ ተላልጧል።

ከምማርበት ከወልቂጤ ለዕረፍት ወደ ቡታጅራ ቤታችን ስመጣ ቤተሰቡ ጭንቀት ላይ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ የወልቂጤ ልጅ ናት። ሽማግሌ ተልኮ “እንመካከርበትና ተመለሱ” ተብሏል። ይህ የተለመደ መልስ ስለሆነ ማንንም አላስደነገጠም። ያስደነገጠው ኋላ የመጣው ወሬ ነው። የልጅቷ አባት ሽማግሌዎቹን ሲሸኙ ጂፑን አይተው፣ “ልጄን በዚህ ነው የሚወስዷት?” አሉ ተባለ። ወንድሜ ይህን ከሰማ ወዲህ እህል አልቀምስ አለ። ቆጮው ፊቱ ተቀምጦ ይደርቃል፣ እሱ ግድግዳውን ያያል።

ለሁለተኛው ጉዞ ጥቂት ቀን ሲቀር አባቴ ጠራኝ።

“አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይሄን ላስቲክ ሰው አስመስይልኝ” አለኝ።

“እሺ አባ” አልኩ። እሺ ማለት ይቀናኛል።

ስልኬ ላይ አሠራሩን ደጋግሜ አየሁ። መጀመሪያ ማጠብ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ስንጥቁን በማጣበቂያ መሙላት፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ በመጨረሻም ጥቁር የፕላስቲክ ቀለም መቀባት። ቀላል ይመስላል። “ማጠብ” በምትለዋ ቃል ውስጥ ምን እንዳለ ግን ቪዲዮው አላሳየኝም።

የእኛ ላቫጆዎች መኪና አጥበው ሲጨርሱ ላስቲኩን ከሞተር በወጣ የተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል። ያን ዕለት ያብረቀርቃል፤ በማግስቱ አቧራውን ሁሉ ይጠጣል። በአባቴ ጂፕ ላይ ይህ በየዓመቱ ተደራርቦ ቅርፊት ሠርቶ ነበር። በቢላ ስፍቀው ከሥሩ የዶሮ ላባ፣ የበግ በጠጥ፣ ክንፋቸው ብቻ የቀረ ዝንቦችና ምን እንደነበር መለየት ያልቻልኩት ፀጉር ያለው ነገር ወጣ። የዱቄት ሳሙና አድርጌ በጥርስ ብሩሽ ስፈትገው ጥቁሩ ዝቃጭ በእጄ ወርዶ ክርኔ ላይ ተንጠባጠበ። ከጓሮ ሄጄ አስመለስኩ። ስመለስ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ፣ “እህቴ፣ ለእኔ ሚስት ስትፈልጊ አንቺን እንዳንቀብርሽ” አለኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለዚያ ሳቅ ስል እንደገና ተንበረከክሁ።

ቅዳሜ ማታ ሥራው አለቀ። ክፈፉ ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ደረቅ ሆነ። ቢነኩት እጅ አያቆሽሽም። አባቴ መዳፉን አሳልፎበት መዳፉን አየ፤ ደስ እንዳለው አወቅሁ።

እሁድ ማለዳ የአባቴ ታላቅ ወንድም ከሌላ ሽማግሌ ጋር መጡ። አጎቴ በአረቅጥ በኩል ደጋ ላይ በፈረስ ያደጉ ሰው ናቸው። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል። ሰላምታ ተለዋውጠን እንዳበቃን ክፈፉን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

“ይሄ ነገር ታሟል እንዴ?”

“ኧረ ታክሞ ነው” አለ አባቴ። “እሷ ናት የሠራችው።”

“ታዲያ ምነው ደረቀ? ኮርቻ እንኳ እንዲህ ሲሆን ዝም አይባልም። ቅቤ አምጡ!”

“አባባ፣ ይሄ እኮ ቆዳ አይደለም” አልኩ ቀስ ብዬ። “ቅቤ ከነካው ፀሐይ ላይ ይቀልጣል። አቧራም ይይዛል።”

አጎቴ ወደ አባቴ ዞሩ። “ይህች ልጅ አሁንም ቅቤ ትጠላለች? እኔ እኮ ዩኒቨርሲቲ ያድናታል ብዬ ነበር።”

ሁሉም ሳቁ። አባቴ በታላቁ ፊት አይከራከርም፤ አንገቱን ደፋ። እናቴ ለጋ ቅቤ ይዛ ብቅ ስትል አጎቴ መለሷት። “ለጋውን ለሰው አስቀምጪ። ለቆዳ የከረመው ነው።”

የከረመው መጣ። ማሰሮው ሲከፈት ዓይኔ አለቀሰ። አጎቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቢጫውን ቅቤ በመዳፋቸው እየጨለፉ፣ የደከምኩበትን ክፈፍ ከዳር እስከ ዳር እንደ ፈረስ ጀርባ አሹት። በየስንጥቁ አውራ ጣታቸውን አስገብተው ጠቀጠቁ። በእርግጥም አብረቀረቀ።

ትምህርት ሊጀመር ስለነበር እኔም አብሬ ተሳፈርኩ። ደጋው ላይ ብርድ ስለሆነ ቅቤው ረግቶ ዝም አለ። ወልቂጤ ስንደርስ ግን ቀትር ነበር። መጀመሪያ ሽታው በመስኮት ገባ፤ ከዚያ ዝንቦቹ። አቧራና ቅቤ ተቦክተው ቡናማ ሊጥ ሆኑና በጎማው ላይ መንጠባጠብ ጀመሩ። ከጎናችን የቆመ ባጃጅ ነጂ አፍንጫውን ይዞ አንገቱን አወጣ።

“ሐጂ! ክትፎው ደርሷል ወይስ እንጠብቅ?”

“ለአንተ አይበቃም!” አሉት አጎቴ። እኔ በሻርፔ አፍንጫዬን ሸፍኜ ቤት የቀረውን ወንድሜን አሰብኩ። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ።

የልጅቷ ቤት ደጃፍ ስንደርስ የልጅቷ አባት ከዘመዶቻቸው ጋር ወጥተው ቆመው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ ጀለቢያቸው ክፈፉን ጠረገው፤ ከጉልበታቸው በታች ቡናማ መስመር ይዘው ቆሙ። ይህ ሳያንስ አንድ የሰፈር ውሻ መጥቶ የኋላውን ጎማ ሽፋን ይልስ ጀመር። ድምፁ ይሰማል። ማንም አላባረረውም፤ ሁሉም እንዳላየ ሆነ። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። 

“ይሄ ሽታ ምንድን ነው?” አሉ የልጅቷ አባት።

አጎቴ ጀለቢያቸውን እንኳ አላዩም። “የቤታችን ቅቤ ነው። ባለፈው መኪናችንን ደረቀ ብላችሁ አዝናችኋል አሉ።”

 የልጅቷ አባት ወደ ክፈፉ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጠረግ አደረጉና አሸተቱት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነበር።

“ቅቤ ለመኪና የሚተርፍበት ቤት” አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ “ልጄ አትራብበትም። ግቡ።”

ዱዓ ተደርጎ ቃል ሲሰጥ እኔ ጓሮ፣ ስወርድ ክፈፉን የነካ እጄን እየታጠብኩ ነበር። ሽታው አልለቀቀኝም። ወንድሜ ጋ ደውዬ “እሺ ብለዋል” ስለው፣ ስልኩን ሳይዘጋ እናቴን ቆጮ ሲጠይቃት ሰማሁ።

ለሠርጉ ቡታጅራ ስመለስ ክፈፉን እንደገና ፍቄ አጸዳሁት፤ በዚህኛው ዙር ሊጡ ውስጥ የውሻ ፀጉር ነበር። ቀለም ልቀባው ስል አጎቴ ከበሩ ላይ ተጣሩ።

“ተይው! ልጅቷን ያመጣት ቅቤ ነው። አሁን የእኔ ወገብ አይጎነብስም፤ አንቺ እሺው።”

አባቴን አየሁት። አንገቱን ደፋ።

“እሺ አባባ” አልኩ።

እጄን የከረመው ቅቤ ማሰሮ ውስጥ ከተትኩ። ለብ ያለ ነበር፤ በጣቶቼ መካከል እየሾለከ ወደ አንጓዬ ወረደ። ወንድሜ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከዚያው ማሰሮ በተቀነሰለት ቅቤ ቆጮውን እያጠቀሰ ይበላ ነበር። አፉ ዙሪያውን ወዝቷል። “ትንሽ ልጨምር?” አለ እናቴን። ትንፋሼን ይዤ ማሸት ጀመርኩ።